የዳኛው ድርሻ

ዳኛው የሚባለው ውሻ ሳህኑን ልሶ ጨረሰ። የሳህኑ ብረት አበራ። እሱ ግን ማለቁን ማመን አቅቶት በአፍንጫው ገለበጠው፤ ከሥሩም ደግሞ ፈለገ። አይስክሬም ሠሪዋ የሥራ ክፍሏ በር ላይ ቆማ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ስታየው ሳቋ አመለጣት።

«ተፈረደ!» አለች።

ከዚያ በፊት አድርጋው የማታውቀውን ነገር አደረገች። ተመልሳ ገባችና ሁለተኛ ሳህን ሞልታ አመጣችለት። ደስታ ሰውን እንዲህ ቸር ያደርገዋል፤ ባያደርገው ኖሮ የዚያን ቀን ስንት ጭንቅ በቀረ።

በዚያ ቤት «የዳኛው ድርሻ» የሚባል ነገር አለ። አይስክሬም ማሽን ከአንድ ጣዕም ወደ ሌላ ሲዞር መጀመሪያ የሚወጣው ከቀድሞው ቅሪት ጋር የተደባለቀ ነው። እንጆሪ ነው ሲሉት ቫኒላ፣ ቫኒላ ነው ሲሉት እንጆሪ ይሆናል፤ ለደንበኛ አይቀርብም። ሌላ ቦታ ይደፋል። እዚህ ቤት ግን ለውሻው ነው። ውሻው ከቡችላነቱ ጀምሮ የሞተሩን ድምፅ ለይቶ ያውቃል፤ ማሽኑ ጎርነን ሲል ከተኛበት ጥላ ተነሥቶ በሩ ላይ ይገተራል። ስሙም የወጣለት በዚሁ ነው። አዲስ ጣዕም ሲሞከር እሱ አሽትቶ ፊቱን ካዞረበት ገበያም ፊቱን ያዞርበታል ይባላል። የሚባለው በቀልድ ነው፤ ቢሆንም ዳኛው ፊቱን ያዞረበትን ጣዕም ደፍሮ ለሽያጭ ያቀረበ ሰው በዚያ ቤት አልታየም። ቸኮሌት ብቻ አይሰጡትም። ቸኮሌት ውሻን እንደሚጎዳ አይስክሬም ሠሪዋ ታውቃለች፤ ይህን በማወቋም ራሷን ጠንቃቃ አድርጋ ነበር የምትቆጥረው።

ከዳኛው በላይ ያለው ይግባኝ ሰሚ አባቷ ነው። ሰፈሩ ጋሽ ምላስ ይለዋል። ለፍላፊ ሆኖ አይደለም፤ እንዲያውም ከአፉ ቃል የሚወጣው በስንት መከራ ነው። ስሙን ያገኘው በመቅመሱ ነው። አንድ ማንኪያ አፉ ውስጥ አገላብጦ ወተቱ የዛሬ ይሁን የትናንት፣ ክሬሙ ረጋ ብሎ ይፍላ ተቻኩሎ ይነግርሃል። ሱቁን የከፈተው እሱ ነው፤ ልጁን ያሠለጠናትም እሱ ነው፤ ደንቡን ያወጣውም እሱ ነው። ደንቡ አንድ ነው፦ ቀማሽ ከመፍረዱ በፊት ውስጡ ምን እንዳለ አይነገረውም። «ከነገሩሽ በኋላ የምትቀምሺው አይስክሬሙን ሳይሆን ወሬውን ነው» ይላል።

ታዲያ ይህ ሰው የስኳር በሽታ ያዘው። ምን ዓይነት ግፍ ነው! ዕድሜውን ሙሉ ለሌላው ሲያጣፍጥ ኖሮ፣ አሁን የማንኪያ ጫፍ ቀምሶ ገንዳው ላይ ይተፋል። ሲተፋም ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ልጁ ይህን ታያለች። ስለዚህ አባቷ ሊውጠው የሚችል አይስክሬም ለመሥራት ተነሣች። የሞከረችው ተቆጥሮ አያልቅም። አንዱ ማጣፈጫ ጉሮሮ ላይ ይመራል። ሌላው ማቀዝቀዣ ውስጥ ሲያድር ድንጋይ ይሆንና ማንኪያ ያጣምማል፤ ስኳር እኮ ማጣፈጥ ብቻ አይደለም ሥራው፣ አይስክሬሙን የሚያለሰልሰው እሱ ነው። ምን እንደሆነ ሳትነግረው ታቀርብለታለች፤ እሱም ያለ ርኅራኄ ይፈርዳል። አንዴ «ይሄ ወተት ምን በደለሽ?» አላት። ሌላ ጊዜ ደግሞ ምንም ሳይል ማንኪያውን ከሳህኑ አርቆ አስቀመጠው፤ ያኛው የባሰ ነበር።

አሁን ግን የማጣፈጫ ዕቃ የምታመጣላት ነጋዴ አንድ አዲስ ከረጢት ሰጠቻት። ነጭ ነው። ሲያዩት ስኳር፣ ሲዝቁት ስኳር። ከረጢቱ ላይ ዛይሊቶል፣ ስኳር ያልሆነ ማጣፈጫ ይላል። በእሱ የሠራችው ሙከራ ሌሊቱን ማቀዝቀዣ ውስጥ አድሮ እንኳ ማንኪያው ሳይታገል ገባበት፤ በማግሥቱ ማሽኑን አስነሣች። ሱቁ የሚዘጋበት ቀን ስለነበረ ቤቱ ጭር ብሏል። የመጀመሪያውን ለዳኛው፣ ጥሩውን ለአባቷ አወጣች።

ጋሽ ምላስ ግቢው ውስጥ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነብ ነበር። ማንኪያውን አፉ ከተተ። እሷ መትፊያውን ጎድጓዳ ሳህን ይዛ ቆማ ትጠብቃለች። አልተፋም። ጉሮሮው ከፍ ዝቅ ሲል አየች፤ ዋጠው! ሁለተኛ ማንኪያ ጨመረ። ጋዜጣውን አጠፈ።

«ይኸ ነው» አለ።

እሷን እንዲህ ብሏት አያውቅም። ሌላውን ሰው ሲል ሰምታለች፤ እሷን ግን አንድም ቀን። ጆሮዋ ጋለ። አባቷ እንደ ሌባ ግራ ቀኙን እያየ ሳህኑን እስከ ሥሩ ጠረገው፤ ከዚያ ብድግ አለና «ልጋደም» ብሎ ወደ ክፍሉ ገባ። ደንቡ ከፍርድ በኋላ መናገር አይከለክልም። መንገር ትችል ነበር። ግን አልነገረችውም። ይህችን «ይኸ ነው» ጥቂት ሰዓት እንዳለች፣ ማንም ሳይነካካት፣ ለብቻዋ ልትይዛት ፈለገች። ማታ ስኳሩን ሲለካ መለኪያው ራሱ ይነግረዋል፤ ያኔ አብረን እንስቃለን አለች በልቧ። ለዳኛው ሁለተኛውን ሳህን የሞላችው ይህን እያሰበች ነው።

ማሽኑን ፈታታ እያጠበች ሳለ ከግቢው እንደ ሳል ያለ ድምፅ ሰማች። ዳኛው አስመልሷል። «ስግብግብ!» አለችና ሳቀች፤ ባልዲና መጥረጊያ ይዛ ወጣች። ውሻው ሲያያት ጭራውን እየወዘወዘ ሊመጣ ተነሣ። የኋላ እግሮቹ እምቢ አሉት። እንደ ሰካራም ወደ ጎን ተንገዳገደ፤ ግድግዳውን ተደገፈ፤ ከዚያ ተዘረረ። መላ ሰውነቱ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ዓይኑ ክፍት ነው፤ የሚያየው ነገር ግን ያለ አይመስልም።

ባልዲው ከእጇ ወደቀ። ከረጢቱ! አዲሱ ከረጢት! ቀጥሎ አባቷ ትዝ አላት። አባዬም በልቷል። ከሳህኑ ምንም አላስቀረም።

እየሮጠች ሄዳ የአባቷን በር ደበደበች።

«አባዬ! አባዬ!»

«ምን ሆነሻል?» አለ ከውስጥ።

«ሆድህን አመመህ? አቅለሸለሸህ?»

«እስካሁን ምንም አልሆንኩም። ካላስተኛሽኝ ግን እታመማለሁ።»

ድምፁ ያው ድምፁ ነው፤ ቁጣውም ያው ቁጣው። ትንሽ ተነፈሰች። ስለ ውሻው ልትነግረው አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። ቢሰማ ተነሥቶ ይሮጣል፤ ጉልበቱ ደግሞ አይታመንም። «ምንም የለም፣ ተኛ» አለችው። ይህንንም ሳትነግረው ቀረች ማለት ነው።

ዳኛው ቀላል ውሻ አይደለም። እንዴት እንዳነሣችው እሷም አታውቅም። አይስክሬም ለሱቆች የምታመላልስበት ባለ ሦስት እግር ሞተር ላይ፣ ከማቀዝቀዣው ሣጥን ጎን ባለው ወለል፣ ሽርጧን አንጥፋ አስተኛችው። ከረጢቱን ጉያዋ ውስጥ ወሸቀችና ወጣች።

መንገዱ ተጨናንቋል። አንድ የጭነት መኪና መሐል ላይ ቆሞ ዕቃ ያራግፋል። የሞተሯ ጡሩምባ ደግሞ ጡሩምባ አይደለም፤ ስትነካው አይስክሬም መጣ የሚል የልጆች ዜማ ነው የሚጫወተው። ምርጫ የላትም፤ ነካችው። ዜማው ፈነደቀ። ሕፃናት ከየደጁ እየተንጫጩ ወጡ፤ አንዲት እናት ልጇን ታቅፋ ፈገግ ብላ እጇን ዘረጋች። «ዞር በሉ! ዛሬ የለም! ዞር በሉልኝ!» እያለች በመሐላቸው አለፈች። ስንት ዘመን ፈገግ ብላ ያሳደገቻቸው ደንበኞቿ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ከኋላዋ የውሻው ጥፍር ወለሉን ሲመታ ይሰማታል። ድምፁ ሲቆም ልቧም አብሮ ይቆማል፤ ደግሞ ይጀምራል።

የእንስሳት ሐኪሙ ሸምገል ያሉ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰክተው የሚፈልጉ ሰው ናቸው። ውሻውን አብረዋት አንሥተው ጠረጴዛው ላይ አስተኙት።

«ምን በላ?»

«አይስክሬም። ቸኮሌት የለበትም! ቸኮሌት ሰጥቼው አላውቅም!»

«ስለ ቸኮሌት ማን ጠየቀሽ? ምን አለበት ነው የምልሽ።»

በእሷ ቤት ይህ ጥያቄ በቅድሚያ ተጠይቆ አያውቅም። ከረጢቱን ዘረጋችላቸው። መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው አነበቡ። የውሻውን ጆሮ ጫፍ ወግተው ደሙን መለኪያው ላይ ጠብ አደረጉ።

«ስኳሩ አልቋል» አሉ። «እግሩን ያዢልኝ። አጥብቀሽ!»

ጸጉሩን ላጭተው ደም ሥሩን ፈለጉ። መጀመሪያ አላገኙትም። እንደገና ፈለጉ። እሷ እግሩን በሁለት እጇ ጨምቃ ያዘች። በመጨረሻ መርፌው ገባ፤ ግሉኮሱ መውረድ ጀመረ። ሐኪሙ እጃቸው እየሠራ አፋቸው ይቆጣል።

«ድሮስ አይስክሬም ለውሻ ምኑ ነው? ወተቱ ሆዱን ያውከዋል፤ ስቡ ቆሽቱን ያቆስለዋል፤ ስኳሩ ያወፍረዋል። አንድ ሁለቴ ቢልስ አይሞትም፤ ብዙ ሰው ይሰጣል፣ ብዙ ውሻም ተቅማጥ ይዞት ያልፋል። ይሄኛው ግን ሌላ ነው። ይሄ ነገር ሲገባ የውሻ ቆሽት ስኳር የመጣ ይመስለዋል። ኢንሱሊኑን ያፈሰዋል። የመጣ ስኳር ግን የለም። ስለዚህ ደሙ ውስጥ የነበረችው እሷው ተጠርጋ ታልቃለች። ከዚህ ቢያልፍ ደግሞ ጉበቱ አለ።»

«ሰውስ? ሰው ቢበላው?»

«ለሰው ምን ይሆናል? ቢበዛ ሆድ ያላላል።»

«ለሰው ምንም አይደለም?»

«አልኩሽ እኮ።»

እዚያው ከጠረጴዛው እግር ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ሳቅም ልቅሶም ያልሆነ ነገር ከደረቷ ወጣ። «አባቴ በልቶት ነበር» አለች፤ «አንድ ሙሉ ሳህን። ገደልኩት ብዬ ነበር። ስኳር አለበት፤ ለእሱ ብዬ እኮ ነው የሠራሁት። ጣፋጭ ከዋጠ ስንት ዘመኑ፤ ዛሬ ዋጠ።»

ሐኪሙ መርፌውን በፕላስተር እያሰሩ ነበር። እጃቸው ቆመ።

«አባትሽ ክኒን ነው የሚወስዱት ወይስ ኢንሱሊን ይወጋሉ?»

«ይወጋል።»

«ስኳር እንደሌለው ነግረሻቸዋል?»

አልነገረችውም። አባቷን ታውቀዋለች። ግብዣ ላይ ሰው ኬክ ለምኖ ሲያስቀምሰው፣ ምንም ሳይናገር ቤት ገብቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ የበላውን ያህል ገምቶ ይወጋል። ዛሬ ደግሞ አንድ ሙሉ ሳህን በላ። «ልጋደም» ብሎ ገባ። ለመጋደም አልነበረም የገባው። ምላሱ ስኳር ነው ብሎታል፤ ምላሱን ደግሞ በሕይወቱ ተጠራጥሮት አያውቅም። ውሻው ላይ የደረሰው ነገር አንድ ሳይቀር አባቷም ላይ እየደረሰ ነው።

ስልክ ደወለች። ይጠራል፣ ይጠራል፣ አይነሣም። ከቤታቸው በግራም በቀኝም ያለው መጋዘን ነው፤ ዛሬ ሁለቱም ዝግ ናቸው። የሚያንኳኳለት ሰው የለም።

«አድራሻውን ንገሪኝ፣ አምቡላንሱን እኔ እጠራለሁ» አሉ ሐኪሙ። «አንቺ ሂጂ። ሳይብስባቸው ስኳር የሆነ ነገር አፋቸው ውስጥ አድርጊ። ከነቁ ብቻ ነው ታዲያ! ራሳቸውን ከሳቱ አፋቸው ውስጥ ምንም እንዳትጨምሪ።»

ዳኛውን አየችው። መንቀጥቀጡ አልቆመም፤ ዓይኑ ወደ እሷ ዞሯል። ጥላው ወጣች።

በመልሱ መንገድ ዜማውን ከፍታ አልዘጋችውም። ልጆቹ ደግመው ወጡ፤ ደግማ ጥላቸው አለፈች።

የአባቷ በር አልተቀረቀረም ነበር። ገፋችው። ጋሽ ምላስ የአልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ሸሚዙ ደረቱ ላይ ተጣብቋል፤ ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል። አንድ ጫማ አጥልቋል። ሁለተኛውን በዚያው በተጫማው እግር ላይ ሊደርበው ይታገላል።

«አባዬ!»

«ሱቁን ልክፈት» አለ። ምላሱ ተንቀራፍፏል። «ሰው ተሰልፏል። አንቺ የት ሄደሽ ነው?»

«ዛሬ ሱቅ ዝግ ነው። ይኸው፣ ይህን ጠጣልኝ።» ከወጥ ቤት በሩጫ የበጠበጠችውን የስኳር ውኃ አፉ ላይ ደቀነችለት።

አሸተተው። በእጁ ጀርባ መታው፤ ብርጭቆው ወለሉ ላይ ተሰበረ።

«ስኳር ነው ይሄ! ልትገድይኝ ነው? ዛሬ ከልኬ በላይ በልቻለሁ።»

«አልበላህም! አይስክሬሙ ስኳር የለበትም። ስኳር አልነበረበትም አባዬ፣ በእግዜር!»

«የለበትም?» ዓይኑ ተንከራትቶ እሷ ላይ አረፈ። እንዲህ ባዕድ በሆነ ዓይን አይቷት አያውቅም። «እኔ ነኝ ይኸ ነው ያልኩት። ምላሴ ነው የሚዋሸው ወይስ አንቺ?»

«ምላስህ ተሳስቷል አባዬ። እለምንሃለሁ!»

«ውጪልኝ!»

ስኳር የወረደበት ሰው እልኸኛ ይሆናል፤ ይህን ታውቃለች። ነገር ግን ይህ እልህ የበሽታው ብቻ አልነበረም፤ የገዛ አባቷም ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የተከበረበትን ምላስ ሐሰተኛ ነው በል እያለችው ነው፤ ያውም ሞት አፋፍ ላይ ቆሞ። ልታባብለው ቀረበች፤ ገፈተራት። በጉልበት ልታጠጣው አትችልም፤ ትን ቢለውስ? ጭንቅላቱ ወደ ደረቱ መውደቅ ጀመረ። ቀና ይላል፣ ደግሞ ይወድቃል። አምቡላንሱ አይሰማም።

ሮጣ ወጣች። ሥራ ክፍሏ ውስጥ ለነገ ያፈላችው የእንጆሪ ሽሮፕ አለ፤ ግማሹ እንጆሪ፣ ግማሹ ስኳር። ድስቱን እንዳለ አንሥታ፣ ማንኪያ ይዛ ተመለሰች። ፊቱ ተንበረከከች። ድምፅዋን እንደ ምንም ብላ የዘወትር ድምፅዋ አስመሰለችው።

«አባዬ፣ አዲስ ነው። ቅመስና ፍረድልኝ።»

ጋሽ ምላስ ቀስ ብሎ ቀና አለ። ከንፈሩን በእጁ ጀርባ ጠረገ። አፉን ከፈተ።

ማንኪያውን ከተተችለት። አገላበጠው። ገንዳ ፈልጎ ዞር ሲል «አትትፋው፣ መጨረሻው ላይ ነው ጣዕሙ የሚመጣው» አለችው። ዋጠ።

«ምን ይጎድለዋል?» አለችው።

«እእ…»

«አልገባህም፤ ድገመው።»

ደገመው። ሦስተኛውን ሰጠችው። «እንጆሪው በስሏል?» አለችው። አራተኛውን። «ሎሚስ?» አለችው። ጥያቄ አልቆባት እንዳይነቃባት እየፈራች፣ ስለ ሽታው፣ ስለ ውፍረቱ፣ ስለ ቀለሙ ሳይቀር ጠየቀችው፤ ቀለም በምላስ የሚቀመስ ይመስል። እሱም እያንዳንዱን ማንኪያ በቁም ነገር ይመረምራል። ሽሮፑ በአገጩ ወርዶ ሸሚዙን አቀላው። እሷ ዕንባዋን በትከሻዋ እየጠረገች ትጨምራለች። ትንሽ ቆይቶ ዓይኑ ማረፊያ አገኘ። እግሩን አየ፣ የተሰበረውን ብርጭቆ አየ፣ እሷን አየ።

«ስኳር አብዝተሽበታል» አለ፤ በራሱ ድምፅ።

አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ምን እንደሆነች አልገባውም፤ ዝም ብሎ ጀርባዋን መታ መታ አደረጋት።

የአምቡላንስ ነርሷ ደርሳ ለካችው፤ ዳቦ አስበልታ ደግማ ለካችው፤ እሱንም እሷንም እኩል ተቆጣች። ሆስፒታል እንሂድ ስትለው እምቢ ለማለት አፍታም አላመነታም። «ውሻዬ የት ነው?» አለ። ለብቻው እንዳይሆን፣ በየጊዜው እንዲለካ አስፈርማ ለቀቀችው።

የእንስሳት ሐኪሙ በር ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጡ። ከውስጥ ድምፅ አይሰማም። አይስክሬም ሠሪዋ በመንገድ ላይ ሁሉንም ነግራዋለች፤ ከረጢቱን፣ ሁለተኛውን ሳህን፣ «ምንም የለም ተኛ» ማለቷን። እሱ ኪሱ ውስጥ ነርሷ ለመጠባበቂያ የሰጠችውን ከረሜላ ያንኮሻኩሻል።

«ምላሴ አላወቀውም» አለ በመጨረሻ።

«ማንም አያውቀውም አባዬ።»

«ማንምን ተዪው።» ከረሜላውን አወጣና መልሶ ከተተው። «ሳልቀምስ አለመንገርሽ ደንብ ነው። ከፈረድኩ በኋላስ? ያን ጊዜ ለምን አልነገርሽኝም?»

ልትዋሽ ትችል ነበር። ልነግርህ ነበር፣ ረሳሁት፣ ላስደንቅህ ብዬ ነው ማለት ይቻላል። ግን ደክሟት ነበር፤ ውሸት ደግሞ ጉልበት ይፈልጋል።

«‹ስኳር ለሌለው ደህና ነው› እንዳትለኝ ብዬ ነው» አለች። «ይኸ ነው አልከኝ። ደስ አለኝ። ከነገርኩህ ትቀንሰዋለህ ብዬ ፈራሁ።»

አላልም እንዲላት ጠበቀች። አባት ነው፤ ለአንድ ቀን እንኳ ቢዋሽ ማን ይቀየመዋል? ጋሽ ምላስ ግን በጣዕም ነገር ዋሽቶ አያውቅም።

«እል ነበር» አለ። «አመሌ ነው፤ እል ነበር» ብሎ እጇን ያዘ። እጁ ገና አልሞቀም ነበር።

በሩ ተከፈተ። ሐኪሙ መነጽራቸው ተመልሶ ግንባራቸው ላይ ወጥቷል። «ግቡ» አሉ። «ስኳሩ ተመልሷል። ጉበቱን ገና እንከታተላለን፤ እዚሁ ያድራል። ግን ቆሟል።»

ዳኛው ጠረጴዛው ላይ፣ እግሩ በፕላስተር ተጠቅልሎ፣ ቱቦው ተንጠልጥሎበት ቆሟል። አባቷ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዞ ግንባሩን ግንባሩ ላይ አደረገ። የምን መታገሥ! ጋሽ ምላስ ሰው ፊት አለቀሰ። እሷ በሩ ላይ ቀረች። ውሻው ሊቀርባት አይፈልግም ብላ አስባ ነበር፤ ያን መቻል ይቀላት ነበር።

ዳኛውን ግን ጠረኗ ሸተተው። ከአባቷ እጅ አፈትልኮ አንገቱን ወደ እሷ መዘዘ። አፍንጫው ጣቶቿን አገኘ። ጣቶቿ መሐል የደረቀ አይስክሬም አለ፤ የትኛው እንደሆነ እሷም አታውቅም። ምላሱን አወጣ።

እጆቿን እሳት እንደነካት ሁሉ ወደ ኋላዋ ሸሸገቻቸው። «አይሆንም» አለችው፤ «አይሆንም የኔ ጌታ፣ ከእኔ አትብላ።» ፊቷን ከበሩ መቃን ላይ ደግፋ ተንሰቀሰቀች። ውሻው ግራ ገብቶት አንገቱን በግራዋ በኩል አሰገገ፣ በቀኟ በኩል አሰገገ፣ የተደበቁትን እጆች ፈለገ። ምን እንዳበላችው ስለማያውቅ ጭራውን መወዝወዙን አላቆመም።